ዓርማ ከመሣሉ በፊት ስላለው ሥራ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል አባላት፤

የከተማችን ድርጅቶች ዓርማዎች እርስ በርሳቸው እየተመሳሰሉ መምጣታቸውን፣ ብዙዎቹም ከኢንተርኔት ተወስደው ስም ብቻ የተቀየረባቸው መሆናቸውን በመውቀስ ሰሞኑን በአንባቢያን ዓምዳችሁ ላይ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በግራፊክ ዲዛይን የምተዳደር ሰው እንደመሆኔ ወቀሳው ቢቆረቁረኝም፣ ጸሐፊው ያዩት ነገር ማንም በዓይኑ የሚያየው በመሆኑ ለማስተባበል አልተነሣሁም። ሉል የታቀፉ ሁለት እጆች፣ ሽቅብ የሚወጣ ቀስት፣ ከመጽሐፍ ገጽ ላይ የምትወጣ ፀሐይ በአንድ ጎዳና ላይ ሳይቀር ለመድን ድርጅትም፣ ለኮሌጅም፣ ለጉዞ ወኪልም ሲያገለግሉ እናያለን። የማልስማማው በምክንያቱ ላይ ነው። ጸሐፊው ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ በባለሙያው ስንፍና ላይ ጥለውታል፤ እኔ ግን ዋናው ችግር ሥራው የሚታዘዝበት መንገድ ነው እላለሁ። ደንበኛው ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሸጥና ምን እንደቸገረው ሳይናገር የተጠናቀቀ ሥዕል እንዲቀርብለት ይጠይቃል፤ ባለሙያውም ሳይጠይቅ ይሥላል። ያለ ጥያቄ የተሣለ ዓርማ ደግሞ የማንም ሊሆን ስለሚችል ከየትም ቢመጣ ለውጥ የለውም።

በአገራችን ግራፊክ ዲዛይነር የሚባለው ሰው በአንድ በር የገባ አይደለም። አንዳንዱ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950ዎቹ መግቢያ ባቋቋሙት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው በሚጠራው ትምህርት ቤት ያለፈ ነው። እዚያ የሥዕል ኅትመትን በእጃቸው የተማሩ ባልደረቦቼ ጥቁርና ነጭን በማመዛዘን ረገድ ከኮምፒውተር የጀመረው ሰው የማያገኘው ዓይን እንዳላቸው ደጋግሜ አይቻለሁ። ሌላው ከማተሚያ ቤት የመጣ ነው፤ ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የእርሳስ ፊደል እየለቀሙ ገጽ ያቆሙ የነበሩት ሰዎች ዲዛይነር ተብለው ባይጠሩም የገጹን መልክ የወሰኑት እነሱ ነበሩ። ሌላው ታቤላ ጸሐፊ የነበረ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አብዛኛው ወጣት ከዩቲዩብ ራሱን ያስተማረ ሲሆን፣ ይህን እንደ ነቀፋ አልናገረውም፤ ሌላ አስተማሪ ስላላገኘ ነው።

እኔ ከታቤላ ቤት ነኝ። በ2016 ዓ.ም. በፈረሰው የፒያሳ ክፍል በነበረች አንዲት ሥራ ቤት ቀለም በማቀላቀል ጀምሬ፣ ኋላ በአንድ ማተሚያ ቤት የገጽ ቅንብር ክፍል ሠርቼ፣ ዲፕሎማዬን በማታ ትምህርት አግኝቻለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ብሩሻቸውን ቀለም ከመንከራቸው በፊት መንገዱን ተሻግረው ታክሲ መጠበቂያው ጋ ይቆሙና ባዶውን ግድግዳ ይመለከቱ ነበር። እዚያ የቆመ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው እስከ መቼ እንደሆነ፣ የከሰዓት ፀሐይ በየት በኩል እንደምትመታው፣ የመብራት ምሰሶው የትኛውን ፊደል እንደሚጋርድ ካዩ በኋላ ነበር ኖራ የተቀባውን ክር ወጥረው መስመር የሚያሰምሩት። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ በኮምፒውተር መስኮት ላይ ያማረው ሁሉ በርካሽ ወረቀት ላይ በአንድ ቀለም ብቻ ሲታተም ምን እንደሚመስል አሳየኝ። እስከ ዛሬ ለደንበኛ የማቀርበውን ማንኛውንም ዓርማ አስቀድሜ ከመንገድ ማዶ ሆኜ አየዋለሁ፤ በጥቁር ቀለም ብቻም አትመዋለሁ። ከሁለቱ አንዱን ያላለፈ ሥራ፣ በቀለም ምንም ቢዋብ ከጠረጴዛዬ አይነሣም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ሌላ ምንጭም አለን። የብራና ጸሐፊ አንዲት ፊደል ከመጻፉ በፊት ብራናውን በወስፌ እየበሳ መስመር ያሰምራል፣ ጽሑፉ በሁለት ዓምድ የሚሰፍር ከሆነ በመካከል የሚኖረውን ባዶ ቦታ ይወስናል፣ ሐረግ የሚባለው የተጠላለፈ ጌጥ የሚሣልበትን ቦታ ይተዋል፣ በቀይ ቀለም የሚጻፉትንም ቅዱሳት ስሞች ለይቶ ያውቃል። ይህ እንግዲህ የገጽ ዲዛይን ሥራ ነው፤ ከጽሕፈት በፊት ታስቦ ያለቀ ነው። ዛሬ ከዚያ ቅርስ የምንወስደው ግን አብዛኛውን ጊዜ አሠራሩን ትተን ጌጡን ብቻ ነው። ሐረግ በመጽሐፉ ውስጥ አዲስ ክፍል መጀመሩን የሚያበሥር ተግባር ነበረው፤ በሻምፖ ጠርሙስ ላይ ምን እንደሚያበሥር አላውቅም። ደንበኛ «ኢትዮጵያዊ መልክ ስጠው» ባለ ቁጥር ጥለት በዳር በዳር መዘርጋት፣ ጸሐፊው ከወቀሱት ሉልና ቀስት እምብዛም የተሻለ ነገር አይደለም።

አሠራሩን በአንድ ሥራ ላሳይ። የተቆላ ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት ለማሸጊያቸው ዲዛይን ፈልገው ሲመጡ፣ እንፋሎት የሚወጣበት ጀበና በስልካቸው ላይ ይዘው ነበር። ከየት እንዳገኙት አልጠየቅኋቸውም፤ የጠየቅኋቸው ቡናውን ማን እንደሚገዛቸው፣ ገዢው ማሸጊያውን መጀመሪያ የሚያየው የት ቆሞ እንደሆነ፣ ቤቱ ከወሰደው በኋላ የት እንደሚያስቀምጠው፣ ጎረቤት ካለው ሌላ ቡና ቆይ የሚለዩት በምን እንደሆነ ነበር። እሳቸውም ሰልችቷቸው «ልጄ፣ እኔ ያዘዝኩህ ሥዕል ነው፤ አንተ እንደ ቀበሌ ሠራተኛ ትመረምረኛለህ» አሉኝ። ገዢዎቻቸው የሠፈር ሰዎች እንደሆኑ ነበር የሚያስቡት። ቅዳሜ ሱቃቸው ውስጥ ቁጭ ብዬ ስውል ግን በርካታው ሰው የሚገዛው ለራሱ አልነበረም፤ ለዋሽንግተንና ለዱባይ ተጓዥ የሚያስይዝ፣ በማግስቱ የሚበር እንግዳ የሚሸኝ፣ «ሻንጣ ውስጥ አይፈነዳም ወይ?» እያለ የሚጠይቅ ነበር።

ይህ ከታወቀ በኋላ ዲዛይኑ ራሱ መልኩን እያወጣ መጣ። ማሸጊያው በመደርደሪያ ላይ ቆሞ ሳይሆን በልብስ መካከል ተጋድሞ የሚሄድ ስለሆነ ፊቱና ጀርባው እኩል መናገር ነበረባቸው። የሚቀበለው ሰው አገሩን የናፈቀ በመሆኑ የአማርኛው ስም ዋናውን ቦታ ያዘ፤ በዚያ ቤት ያደጉት ልጆች ግን ፊደሉን ላያነቡት ስለሚችሉ፣ ቡናው የበቀለበት አካባቢ፣ የተቆላበት ቀንና አፈላሉ በጀርባው በእንግሊዝኛ ጭምር ሰፈረ። ደንበኛዬ የሚያዙት መጠን አነስተኛ ስለነበር ማሸጊያውን በሙሉ በፕሌት (ለሥራው ተብሎ በሚዘጋጅ የማተሚያ ሰሌዳ) ማሳተም አያዋጣቸውም ነበርና፣ ምንም ያልታተመበት ከረጢት ገዝተው ስቲከር እንዲለጥፉበት ተስማማን። ጀበናውስ ለምትሉኝ፣ ከማሸጊያው ላይ ወጥቶ በሱቁ ታቤላ ላይ ቀረ። እዚያ እንዲቆይ የተከራከሩት እሳቸው ናቸው፤ በመንገድ ለሚያልፈው ሰው እዚያ ቤት ቡና እንደሚፈላ የሚነግረው ጀበናው ነውና ክርክራቸው ትክክል ነበር።

በዚያው ሥራ ላይ የገጠመን ሌላ ነገር ደግሞ የፊደላችንን ጠባይ ያሳያል። የመጀመሪያው የሙከራ ኅትመት ሲመጣ «ቡና» የሚለው ስም ከክንድ ርቀት «በና» ሆኖ ይነበብ ነበር። «በ»ን ከ«ቡ» የምትለየው በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ የምትወጣው ትንሽ ቅጥያ ብቻ ነች፤ የመረጥነው ፎንት ጭረቶቹ ቀጫጭን ስለነበሩ ቅጥያዋ በሻካራው ስቲከር ላይ ጠፍታ ነበር። በላቲን ፊደል የሚሠራ ዲዛይነር በአብዛኛው ይህን የመሰለ ጭንቀት የለበትም። በእኛ ፊደል ግን አናባቢው የሚታወቀው በእንዲህ ያለች ቅጥያ፣ በእግር መርዘምና ማጠር፣ ወይም በትንሽ ቀለበት ነው፤ ፊደሉን ያሳነሰ፣ ያቀጠነ ወይም ያጨናነቀ ሰው ድምፁን ሊቀይረው ይችላል። ስለዚህ ስሙን ከፎንት ላይ ከመውሰድ ይልቅ ቅጥያዋን አስረዝሜና አወፍሬ በእጄ ሣልኩት። ደንበኛዬ ልዩነቱን ጨርሶ አላስተዋሉም። እኔም እንዲያስተውሉት አልፈለግሁም፤ ስሙ ሳያደናቅፍ ከተነበበ ሥራዬን ሠርቻለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ፎንት ጥቂት ብል አንባቢ ይታገሠኝ፤ ዓርማዎቹ የሚመሳሰሉበት አንዱ ምክንያት እዚህ ስላለ ነው። የዓለም ፊደሎች በኮምፒውተር የሚቀመጡበት የጋራ ኮድ የሆነው ዩኒኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ የግእዝን ፊደል እስኪያካትት ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሎቹን የሚያስቀምጠው በራሱ ኮድ ነበር፤ በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ያ ዘመን አልፏል እንላለን እንጂ በየማተሚያ ቤቱ በፓወር ግእዝና በቪዥዋል ግእዝ የተሠሩ የቆዩ ፋይሎች አሁንም አሉ፤ የቆየ ደንበኛ ብሮሸሩን ለማደስ ሲመጣ ጽሑፉን እንደገና መጻፍ የተለመደ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የተባለው ፎንት መጣ፣ ኖቶ የተባለውም ተጨመረ፣ ወጣት የፊደል ቀራጮችም መልካም መልካም ሥራዎችን እያወጡ ነው። እንዲያም ሆኖ በላቲን ፊደል ካለው ብዛት ጋር ሲነጻጸር የእኛ ምርጫ ጠባብ ነው። ባለሙያው የላቲኑን ስም በሚያምር ፎንት ከቀረጸ በኋላ ለአማርኛው የሚመጥን ሲያጣ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያገኘውን ከሥር በትንሹ አስቀምጦ ያልፋል። በየሕንፃው ላይ አማርኛው እንደ ግርጌ ማስታወሻ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ደንበኛው ለፊደሉ ቀረጻ ራሱን የቻለ ጊዜና ክፍያ ቢመድብ ኖሮ ብዙ ዓርማ ሥዕል ባላስፈለገው፤ በደንብ የተቀረጸ ስም ብቻውን ይበቃል።

(ይህን ካነሣሁ አይቀር የእናንተም ዓምዶች አንድ ነገር ይቀራቸዋል። የአማርኛ ቃላት ረጃጅም ናቸው፤ የብራና ጸሐፊዎች በሁለት ነጥብ እየለዩ ይጽፉ ስለነበር መስመሩ ካለቀ ቃሉን በመካከል ቆርጠው ወደሚቀጥለው መስመር ይሻገሩ ነበር። እናንተ ቃሉን ሳትቆርጡ የዓምዱን ግራና ቀኝ እኩል ስለምታደርጉት በቃላቱ መካከል ሰፋፊ ክፍተት ይቀራል። ቀኙን ዳር ሳታስተካክሉ ብትተዉት ለዓይን ይቀላል።)

የባንኮቻችን ነገር ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፤ አንድ ታቤላ ላይ አማርኛ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፈው አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ አብረው ይሰፍራሉ። ሁለቱ የፊደል ዓይነቶች በአንድ ቁጥር መጠን ሲቀመጡ እኩል አይታዩምና በዓይን መመጠን ይኖርባቸዋል። የትኛው ከላይ ይሁን የሚለውን ግን ዲዛይነር ብቻውን ሊወስነው አይገባም፤ ደንበኛው አስቀድሞ ወስኖ በጽሑፍ ሊሰጠው የሚገባ ጉዳይ ነው።

ደንበኛና ባለሙያ እንዴት መነጋገር እንዳለባቸው ሲነሣ በሙያችን ዘወትር የሚጠቀሰው የአሜሪካዊው ዲዛይነር የፖል ራንድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ስቲቭ ጆብስ ኔክስት ለተባለው ኩባንያው ዓርማ እንዲሠራለት ሲያነጋግረው ጥቂት አማራጮች ያቀርብለት እንደሆነ ይጠይቀዋል። ራንድም አማራጭ እንደማያቀርብ፣ ችግሩን እንደሚፈታለት፣ ጆብስ ቢጠቀምበትም ባይጠቀምበትም ግን ክፍያውን እንደሚፈጽም መለሰለት። ክፍያው 100 ሺህ ዶላር ነበር፤ ያቀረበውም አንድ ዓርማ ብቻ ሲሆን፣ ከዓርማው ጋር እዚያ ውሳኔ ላይ እንዴት እንደደረሰ ገጽ በገጽ የሚያስረዳ ጥራዝ አብሮ ሰጥቷል። ወጣት ባልደረቦቼ ከዚህ ታሪክ የሚይዙት ኩራቱን ነው። እኔ ግን ጥራዙን ነው የምወደው። ኩራቱ ለእኛ አይሆነንም፤ እዚህ አገር ደንበኛን «አማራጭ የለህም» ብሎ ሥራ ማግኘት አይቻልም፣ ቢቻልም ተገቢ አይመስለኝም። እኔ ሁለት አቀርባለሁ፤ የትኛው ይሻላል እንደምልና ለምን እንደሆነም በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፌ አብሬ እሰጣለሁ። ሥራ አስኪያጁ ገጹን ለቦርዱ ይዞ ይገባል፤ እኔ በሌለሁበት ስብሰባ የሚከራከርልኝ ያ ገጽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው አቤቱታዬ ልምጣ። በብዙ ጨረታዎችና የዓርማ ውድድሮች ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ የድርጅቱን ስም፣ የማስገቢያውን ቀንና «ማራኪ፣ ዘመናዊና የድርጅቱን ራእይ የሚገልጽ» የሚሉ ቃላትን ከያዘ በኋላ ተወዳዳሪው ያለቀለት ናሙና እንዲያቀርብ ያዝዛል። ለሚቀርበው ናሙና አይከፈልም፤ ጥያቄ የሚጠየቅበት ቀን አይመደብም፤ በመጨረሻም ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው ያሸንፋል። አንድ ድርጅት (ስሙን ማንሣት አልፈልግም) ናሙናዎቹን ሁሉ ከሰበሰበ በኋላ ጨረታውን መሰረዙን አስታውቆ፣ ከወራት በኋላ ከቀረቡት የአንዱን የሚመስል ዓርማ በራሱ ሠራተኛ አሠርቶ ሲሰቅል አይቻለሁ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ባለሙያው ምን ያደርጋል? ሊከፈለው ለማይችል ሥራ ሱቅ ውስጥ ቅዳሜን ቁጭ ብሎ አይውልም፤ ፊደል በእጁ አይቀርጽም። ከተዘጋጁ ናሙናዎች አንዱን አውርዶ፣ ቀለሙን ቀይሮ፣ ስሙን ጽፎ ያስገባል። ጸሐፊው ስንፍና ያሉት ይኸንን ነው፤ እኔ ግን ስሌት እለዋለሁ፣ ስሌቱም የማያስመሰግን ቢሆንም የተሳሳተ አይደለም።

ኪሳራው ግን ዞሮ ለደንበኛው ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ምልክት የአንዱን ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው መለየት የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል፤ ማንም አውርዶ ሊጠቀምበት የሚችል ሥዕል ይህን መስፈርት ማሟላቱ ያጠራጥራል፤ ቢመዘገብ እንኳ ተመሳሳዩን ይዞ የመጣን ሰው ለመከላከል አቅም የለውም። ስለ ናሙናዎቹም ቢሆን፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ይሆናል። ውል ሳይኖር፣ ሳይከፈልበት የቀረበ ናሙና ግን በወረቀት ላይ ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ የሠሪው እንደሆነ ይቀራል። የግዥ ክፍል ኃላፊዎች ይህን ቢያውቁት፣ የተሸነፉትን ናሙናዎች በመሳቢያቸው ከማቆየት ይልቅ ለባለቤቶቻቸው መመለስን ይመርጡ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሥራው በሁለት ይከፈል፤ መጀመሪያ ባለሙያው ድርጅቱን አይቶ፣ ሠራተኞቹንና ገዢዎቹን አነጋግሮ፣ ዓርማው ለማን ምን መናገር እንዳለበትና በየትኛው ዕቃ ላይ በምን ዓይነት ኅትመት እንደሚውል በጥቂት ገጾች ጽፎ ያቅርብ፣ ለዚህም መጠነኛ ክፍያ ይፈጸምለት። ጽሑፉ የደንበኛው ይሁን፤ በዚያ ባለሙያ ካልረካ ይዞት ወደሌላ መሄድ ይችላል። ውድድር የግድ ካስፈለገም ተወዳዳሪዎች ቀደም ሲል በሠሯቸው ሥራዎች ይመዘኑና፣ ለመጨረሻው ዙር ከተመረጡት ጥቂቶች እያንዳንዳቸው ላቀረቡት ናሙና ይከፈላቸው። በርክክብ ጊዜም ደንበኛው የሚረከበው በዋትስአፕ የተላከ ምስል መሆን የለበትም፤ ቢሰፋም ቢጠብም የማይበላሸው የቬክተር ፋይል፣ ለኅትመትና ለስክሪን የተለዩት የቀለም ቁጥሮች፣ የፎንቱ ፈቃድና በአንድ ቀለም የሚታተመው ቅጂ አብረው ሊሰጡት ይገባል። ይህን ሳይረከቡ ቀርተው ከዓመት በኋላ ባነር ለማሠራት ሲሉ ዓርማቸውን ከቢዝነስ ካርድ ላይ በስልክ ፎቶ አንሥተው የሚመጡ ድርጅቶች ጥቂት አይደሉም።

ጋዜጣችሁም አዲስ ዓርማ ስለመመረቁ ዜና ስትሠሩ ሪባኑን ከቆረጡት የክብር እንግዳ ስም ቀጥሎ የዲዛይነሩን ስም ብትጽፉ፣ የተኮረጀ ሥራ ለማቅረብ የሚደፍረው ሰው ቁጥር የሚቀንስ ይመስለኛል። ወቀሳውን የጻፉት አንባቢ ደግሞ ወደፊት የተገለበጠ የሚመስል ዓርማ ባዩ ጊዜ የድርጅቱን ሥራ አስኪያጅ ለዲዛይነሩ የሰጡት የጽሑፍ ትእዛዝ እንዳለ እንዲጠይቋቸው በትሕትና አሳስባለሁ፤ ካለ በዚሁ ዓምድ ይውጣና ሁላችንም እናንብበው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የግራፊክ ዲዛይን ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ